አገር ፍቅርና ብሔራዊ ቲያትር፦ የምሥረታ ዓመታቸው ለምን ይለያያል?

ዐውደ ርእይ
ሰላም ለሁላችሁ። ለትምህርት ቤት ዐውደ ርእይ ስለ አዲስ አበባ ቲያትር ቤቶች የግድግዳ ጽሑፍና የፎቶ መግለጫ እየተዘጋጀ ነው። አገር ፍቅር አንዱ ጽሑፍ ላይ 1927፣ ሌላው ላይ 1928፣ ሌላው ላይ 1935 ተመሠረተ ይላል። ብሔራዊም አንድ ቦታ 1947፣ ሌላ ቦታ 1948 ነው። የትኛውን እንያዝ? ቀን ያልተጻፈባቸውን ፎቶዎችስ በምን እንለያቸው?

ባሕረ ሐሳብ
ችግሩ ያለው ታሪኩ ላይ ሳይሆን የፈረንጁን ዓመት ወደ እኛው ለመለወጥ በሚደረገው መቀነስ ላይ ነው። የአገር ፍቅር ማኅበር የተመሠረተው ሐምሌ 11 ቀን 1927 ዓ.ም ነው። በፈረንጆቹ ጁላይ 18 ቀን 1935 ይሆናል። 1935 ብቻ አይቶ 7 የቀነሰ ሰው 1928 ላይ ይወድቃል። ሐምሌ ላይ ግን ልዩነቱ 8 ነው።

ብሔራዊ ላይ ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ቲያትር ቤቱ የተመረቀው ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ነው። ዘውዱ የተደፋው ጥቅምት 23 ቀን 1923 ስለነበር፣ ኢዮቤልዩው ጥቅምት 1948 ላይ ዋለ። 1955 አይቶ 8 የቀነሰ 1947 ይላል፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ድረስ ግን ልዩነቱ 7 ነው።

የቀን ቁጥርም ያሳስታል። ጥቅምት 23 በ1923 ኖቬምበር 2 ሲሆን በ1948 ግን ኖቬምበር 3 ነው፤ ምክንያቱም 1947 ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ስለሆነ አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ዘግይቶ ገብቷል። ስለዚህ መግለጫው ላይ ወር ከሌለ ዓመት አትለውጡ፤ ምንጩ ላይ ያለውን እንዳለ ጻፉና «ዓ.ም» ወይም «እ.ኤ.አ» በሉበት።

የመድረክ ጀርባ
ከላይ በተባለው ላይ ልጨምር። ሦስት ነገሮችን ለያዩ፦ ተቋሙ፣ ሕንፃው፣ ስሙ። የሦስቱ ዕድሜ አንድ አይደለም።

አገር ፍቅር ሲጀመር ማኅበር እንጂ ቲያትር ቤት አልነበረም። መኰንን ሀብተ ወልድ ያቋቋሙት የጣሊያን ወረራ ደጃፍ ላይ ሲደርስ፣ ሕዝቡን በንግግር፣ በመዝሙርና በዘፈን ለመቀስቀስ ነበር። ከምሥረታው እስከ ወረራው ቀን፣ መስከረም 22 ቀን 1928፣ ያለው 77 ቀን ብቻ ነው! ይህን ቁጥር ግድግዳው ላይ በትልቁ ጻፉት፤ ማኅበሩ ለምን እንደተወለደ ተማሪው ወዲያው ይገባዋል። ሥራው በወረራው ዘመን ተቋርጦ ከነፃነት በኋላ እንደገና ተነሣ፤ ፒያሳ ያለው ቲያትር ቤት የዚያ ቀጣይ ነው። ጥላሁን ገሠሠ ክብር ዘበኛ ሳይገባ በፊት የዘፈነው እዚያ ነው።

ብሔራዊ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ሕንፃው ከተቋሙ ይቀድማል። ጣሊያኖች «ሲኒማ ማርኮኒ» ብለው ጀምረውት የነበረውን ነው ፈረንሳዊው አርክቴክት አንሪ ሾሜት አስፍቶ ለኢዮቤልዩው ያደረሰው። ሲመረቅ የታየው የመኰንን እንዳልካቸው «ዳዊትና ኦሪዮን» ነው። «ብሔራዊ» የሚለው ስም የመጣው ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ስለሆነ፣ የ1950ዎቹን ፎቶ «ብሔራዊ ቲያትር» ብሎ ብቻ መግለጥ ስህተት ነው። «ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቲያትር (የዛሬው ብሔራዊ)» በሉ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ «ዘመናዊ ቲያትር በአገር ፍቅር ተጀመረ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካላችሁ አውጡት። የተክለ ሐዋርያት «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» ከማኅበሩ በፊት ሆቴል ውስጥ ታይቷል።

ዐውደ ርእይ
እጅግ አመሰግናለሁ። አንድ ፎቶ ላይ ትልቅ የአንበሳ ሐውልት ይታያል፣ ከኋላው ያለው ሕንፃ ግን ደብዝዟል። ብሔራዊ ነው ማለት ይቻላል?

የመድረክ ጀርባ
አንበሳውን እዩት። ከድንጋይ የተጠረበ፣ ማዕዘኑ የጎላ፣ ቀጥ ብሎ ፊት ለፊት የሚያይ ከሆነ የሞሪስ ካልካ ሥራ ነው፤ ቲያትር ቤቱ ፊት ለኢዮቤልዩው የቆመ ስለሆነ ፎቶው ከ1948 በፊት ሊሆን አይችልም። ከነሐስ የተሠራ፣ ዘውድ የደፋና መስቀል የያዘ ከሆነ ግን ለገሀር ያለው የይሁዳ አንበሳ ነው። እሱን ጣሊያኖች ወደ ሮም ወስደውት ስለነበር፣ ለገሀር ቆሞ ከታየ ፎቶው ወይ ከወረራው በፊት ነው ወይ ከተመለሰ በኋላ።

በሩ ላይ ያለውን ጽሑፍም አጉልታችሁ አንብቡ፤ የንጉሡ ስም ካለ ከ1948 እስከ አብዮቱ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው።

መዝገብ ቤት
ጋዜጣ ለምትፈልጉ፦ ለምሥረታው ዘመን የብርሃንና ሰላምን የሐምሌና የነሐሴ 1927 እትሞች ጠይቁ። አዲስ ዘመን የጀመረው ግንቦት 30 ቀን 1933 ስለሆነ ከዚያ በፊት አይጠቅማችሁም።

በኮምፒውተር ስትፈልጉ በአንድ አጻጻፍ ብቻ አትቁሙ። «አገር ፍቅር»፣ «ሀገር ፍቅር»፣ «ሃገር ፍቅር»፤ «ቲያትር»፣ «ቴአትር»፣ «ትያትር»፤ «ኃይለ ሥላሴ»፣ «ኃይለሥላሴ»፣ «ሃይለስላሴ» ሁሉንም ሞክሩ። ፊደሉ አንድ ሲለወጥ ማሽኑ ሌላ ቃል ያደርገዋል።

የቲያትር ማስታወቂያ ካገኛችሁ ሰዓቱን ስትተረጉሙ ተጠንቀቁ። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ያለውን በእንግሊዝኛው መግለጫ ላይ 8 ብሎ መጻፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው።