ክሬዲቴ ተቆጠረልኝ፣ ግን አልጠቀመኝም፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ወገኖቼ፣ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ሌሊት ፓርኪንግ እየሠራሁ በሦስት ዓመት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ (የሁለት ዓመት ዲግሪ የሚሰጥ የአካባቢ ኮሌጅ) ውስጥ 54 ክሬዲት አጠራቀምኩ። «እዚያ ርካሽ ነው፣ ጀምረህ ትሻገራለህ» ያላለኝ ሰው የለም፤ ርካሽነቱስ እውነት ነው። አሁን አንድ ዩኒቨርሲቲ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተቀብሎኛል። ደስታዬ ግን የክሬዲቱ ዝርዝር እስኪደርሰኝ ብቻ ነበር።

45ቱን ተቀብለዋል። ከዚያ ውስጥ 19ኙ «ኢሌክቲቭ» (የምርጫ ኮርስ) ተብሎ ነው የተመዘገበው፤ ለዲግሪው ከሚያስፈልገው 120 ላይ ይቀነስልኛል እንጂ የሜጀሩን (የዋናውን ትምህርት) ኮርስ አይተካም። ቀሪው 9 የኢኤስኤል (እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ላልሆነ የሚሰጥ የቋንቋ ትምህርት) ስለሆነ ጭራሽ አልተቆጠረም። ከሁሉ ያንገበገበኝ ሒሳቡ ነው። አማካሪዬ «ስታቲስቲክስ ይበቃሃል» ስላለችኝ ሜጀሩ የሚፈልገውን ካልኩለስ ሳልወስድ ቀረሁ። የትኛው ኮርስ የትኛውን እንደሚተካ የሚያሳይ አርትሲስ የሚባል የሜሪላንድ ድረ ገጽ እንዳለ የሰማሁት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ያውም መኪናውን ሊያቆም ከመጣ ተማሪ!

ጥያቄዬ፦ የጃቫ ኮርሴም ኢሌክቲቭ ሆኖብኛል። ሲለበሱን (የኮርሱን ዝርዝር ይዘት) ይዞ ዲፓርትመንቱ ዘንድ ይግባኝ ብሎ የተሳካለት አለ? አስተማሪዬ ሥራ ለቅቋል፤ የድሮ ሲለበስ ከማን ይጠየቃል? ካልኩለስንስ ሰመር ላይ እዚያው ርካሹ ቦታ ወስጄ ላሻግረው ወይስ ከተመዘገብኩ በኋላ የዩኒቨርሲቲው ፈቃድ ያስፈልገኛል?

የቦታ መያዣውን የምከፍለው እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። በዚህ መንገድ ያለፋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ፣ እኔ ቀን ስለምተኛ መልስ ብዘገይ አትቀየሙኝ።