የዕቅድ ውይይት፦ የጀልባችን ብረቶች በምን ይታሸጉ?

አስተባባሪ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀልባችን ከውሃ ስትወጣ ላይኛው ወለል ላይ ያሉት ዕቃዎች በሙሉ ተፈትተው እንደገና ይገጠማሉ። የገመድ ማሰሪያዎቹ፣ የአጥሩ ምሰሶዎች፣ ዊንቾቹ (ገመድ መወጠሪያዎቹ)፣ መስኮቶቹም ሳይቀሩ። በዘነበ ቁጥር አልጋ ላይ ባልዲ መደርደር ሰልችቶናል። ለጉባኤው የሚቀርብ አንድ የጋራ ሐሳብ እናዘጋጅ። ረቂቁን እንዲህ ጀምሬዋለሁ፦ «ለሁሉም ቦታ አንድ ዓይነት ጠንካራ የባሕር ፖሊዩሪቴን እንጠቀም።» ፖሊዩሪቴን ያው ከቱቦ ወጥቶ የሚጠነክረው ማሸጊያ ነው። ግዥውም ሥራውም ይቀላል ብዬ ነው። እስቲ አስተያየት ስጡበት።

ገንዘብ ያዥ፦
እደግፋለሁ። ባለፈው ጥገና የተለያየ የማሸጊያ ቱቦ ተገዝቶ ግማሹ ውስጡ ደርቆ ተጣለ። አንድ ዓይነት ከሆነ ቢያንስ ተጋርተን እንጨርሰዋለን።

የጥገና ኃላፊ፦
እኔ አልደግፍም። ትንሽ ላርዝመውና ታገሡኝ።

በቀደም ከፊት ያለውን የገመድ ማሰሪያ ልፈታ ሄድኩ። ዳዶዎቹን ፈታሁ፣ ብሎኖቹን መታ መታ አድርጌ አወጣሁ። ብረቱ ግን ንቅንቅ አላለም። ጠንካራ ፖሊዩሪቴን ተቀብቶ ኖሯል። ስፓቱላ ሰደድኩበት፣ ስፓቱላው ተጣመመ። አሞቅኩት። ቀጭን ሽቦ ከሥሩ አስገብቼ እንደ መጋዝ ገዘገዝኩት። ግማሽ ቀን ፈጅቶ ተነሳ፣ ግን ብቻውን አልተነሳም። መዳፍ የሚያክል ጄልኮት፣ የፋይበር ግላሱን የላይ ሽፋን፣ ልጦ ይዞ መጣ። ዳዶ መፍታት አሥር ደቂቃ፣ ጄልኮት መጠገን ሁለት ቅዳሜ!

ማሸጊያ ሌላ፣ ማጣበቂያ ሌላ። የገመድ ማሰሪያን አጥብቆ የሚይዘው ብሎኑና ከወለሉ ሥር የሚገባው ደጋፊ ላሜራ ነው። መሃል ላይ የሚቀባው ነገር ሥራው ውሃ መከልከል ብቻ ነው። ስሪኤም 5200 የሚባለውን ጠንካራ ፖሊዩሪቴን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ቋሚ ማጣበቂያ ነው፣ ሰሪዎቹም የሚሉት ይህንኑ ነው። ሙሉ ለሙሉ እስኪጠና ከ5 እስከ 7 ቀን ይወስዳል፣ ከዚያ በኋላ እንደ አንድ አካል ነው። ቀፎና ወለል ለማጋጠም የሚያህለው ጥቂት ነው። መካከለኛ ጥንካሬ ያላቸው ፖሊዩሪቴኖች፣ ስሪኤም 4200 ወይም ሲካፍሌክስ 291፣ ግን ይህን ያህል አይነክሱም፤ በመከራም ቢሆን ይለቃሉ። ስለዚህ ቱቦ ከመምረጣችን በፊት ለእያንዳንዱ ዕቃ እንጠይቅ፦ ይህን አንድ ቀን እንፈታዋለን ወይ?

አዲስ አባል፦
ጋሼ፣ ታዲያ ለምን ሲሊኮን አናደርግም? እሱ በጣት ይላጣል እኮ።

አናጢው፦
ኧረ በፈጠራችሁ፣ ሲሊኮን ይቅር! ይላጣል ያልከው የሚታየውን ነው። የማይታየው ስስ ቅባት እዚያው ይቀራል። ከዚያ በኋላ ሌላ ማሸጊያ ብትቀባበት አይዝም። ቀለም ብትቀባበት ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል። በአሴቶን ብትፈትገው ጨርቁ ቅባቱን ከወዲያ ወዲህ ያዞረዋል እንጂ አያነሳውም። ሲሊኮን የተቀባበትን ቦታ ማጽዳት ማለት በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ማለት ነው።

የጥገና ኃላፊ፦
ልክ ነህ፣ ግን መስኮቶቹን አትርሳ። የኛ መስኮቶች አክሪሊክ ፕላስቲክ ናቸው። ፖሊሰልፋይድ የሚባለው ሌላው ማሸጊያ አክሪሊክንም ፖሊካርቦኔት የተባለውን ፕላስቲክም ይበላል፣ ያሰነጣጥቀዋል። እዚያ ለመስኮት ተብሎ የተሠራ ሲሊኮን ነው የሚሆነው። ሌላ ቦታ እንዳይነካካ ዙሪያውን ፕላስተር ለጥፎ መሥራት ነው።

አናጢው፦
ይሁን፣ ለመስኮቱ ብቻ። ቲክ እንጨቱ ላይ ግን ፖሊሰልፋይድ ይግባልኝ። የቲክ ወለል መገጣጠሚያ ሲታሸግበት የኖረው በሱ ነው። ቅባታም እንጨት ስለሆነ አስቀድሞ ፕራይመር የሚባል መነሻ ቅብ ይፈልጋል። የነዳጅ መሙያውም ክዳን ዙሪያ እንዲሁ፣ ፖሊሰልፋይድ ቤንዚን አይፈራም። የአውሮፕላን ነዳጅ ታንክ የሚታሸገው በምን ሆነና!

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ልጆች፣ ስለ መፍታት የተባለው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ስቴንለስ የማይዝገው አየር ሲያገኝ ነው። እርጥበት ገብቶ አየር ካጣ ከውስጥ ይበላል። በእኔ ጊዜ ከአጥሩ ምሰሶ አንድ ብሎን አወጣን። ራሱ መስታወት ነው፣ ፊት ያሳያል። ወገቡ ግን ቡናማ ሆኖ ክብሪት እንጨት አክሏል። ያንን ምሰሶ ተደግፈን ነበር ስንወዛወዝ የከረምነው። ስለዚህ ብሎን በየጊዜው ወጥቶ መታየት አለበት። የማይፈታ ነገር ተቀብቶ ማን ሊያየው ነው? እኔ ድምፄ ለቡታይል ነው።

አዲስ አባል፦
ቡታይል ያቺ እንደ ማስቲካ የምትለጠጠው ጥቅል ናት?

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
እሷው ናት። አትደርቅም፣ አትጠነክርም፣ ቱቦ ውስጥ አትበላሽም። ገንዘብ ያዣችን፣ ይህን አንቺ ትወጅዋለሽ፤ የተረፈው ለሚቀጥለው ዓመት ይቀመጣል።

ገንዘብ ያዥ፦
ጋሼ፣ ደካማ ጎኔን አውቀዋል። ድጋፌን ከፖሊዩሪቴን አንስቻለሁ።

የጥገና ኃላፊ፦
ቡታይልን ለወለሉ ዕቃዎች እቀበላለሁ። ሁለት ነገር ግን ይጻፍ። ከውሃ መስመር በታች አትገባም፤ እዚያ ያሉት የቧንቧ ማስገቢያዎች ፖሊዩሪቴን ወይም ፖሊሰልፋይድ ነው የሚፈልጉት። ቤንዚንና ማሟሟያ በሚደርስበትም አትሁን፣ ትሟሟለች።

ደግሞ ሁላችሁም ስለ ቱቦ ታወራላችሁ፣ ስለ ቀዳዳው ማንም አላነሳም። ወለላችን በሁለት ፋይበር ግላስ መሃል ባልሳ እንጨት ያለበት ነው። ውሃ በአንድ ብሎን በኩል ከገባ ባልሳው ይጠጣዋል፣ ውሎ አድሮ እንደ ረጠበ ካርቶን ይሆናል። ትናንት በመዶሻ እጀታ እየቆረቆርኩ ዞርኩ። ደህናው ቦታ ጠንከር ያለ ጥርት ያለ ድምፅ ይሰጣል። በግራ በኩል ሁለተኛው ምሰሶ አካባቢ ግን ዱብ ዱብ ይላል፣ ባዶ ሣጥን እንደመምታት። የፈለገውን ምርጥ ማሸጊያ ብትቀቡበት እዚያ ጋ አይረዳም።

ስለዚህ ቀዳዳው ከብሎኑ ሰፋ ተደርጎ ይበሳል። በዙሪያው ያለው ባልሳ ይቆፈርና ይወጣል፣ ይደርቃል። ከታች በፕላስተር ይደፈንና በማወፈሪያ ዱቄት የወፈረ ኢፖክሲ፣ ሲጠና ድንጋይ የሚሆን ሙጫ፣ ይሞላል። ኢፖክሲው ሲጠና መሃሉ ላይ በብሎኑ ልክ እንደገና ይበሳል። ያኔ ማሸጊያው አንድ ቀን ቢሸነፍ እንኳ ውሃው ኢፖክሲ ያገኛል እንጂ እንጨት አያገኝም። አሰልቺ ሥራ ነው፣ አልዋሽም። ግን ይህ ከሌለ ውይይቱ ራሱ ዋጋ የለውም።

አናጢው፦
የቀዳዳውን አፍ በመሰርሰሪያ ትንሽ ሰፋ ማድረግም አለ። አፉ ሰፋ፣ ታቹ ጠበብ። ማሸጊያው እዚያች ላይ ተኝቶ በብሎኑ አንገት ዙሪያ ቀለበት ይሠራል። ይህ ካልተደረገ ስታጠብቀው ሁሉም ወደ ውጭ ይጨመቅና ከሥር ባዶ ይቀራል።

አዲስ አባል፦
እኔም ጥፋቴን ልናዘዝ። የራሴ ትንሽ ጀልባ ላይ ቦታውን በአልኮል ወልውዬ ወዲያው ፖሊዩሪቴን ቀባሁ። ሳምንት ጠበቅሁ፣ አሁንም ጣት ላይ ይጣበቃል። እርጥበቱ ነው ብዬ ነበር።

የጥገና ኃላፊ፦
እርጥበትማ ይረዳዋል፣ ፖሊዩሪቴን የሚጠናው ከአየር እርጥበት ጋር ነው። ያበላሸብህ አልኮሉ ነው፣ ያልጠና ፖሊዩሪቴን አልኮል ካገኘው አይጠናም። አሴቶን ተጠቀም፣ በደንብ ተንኖ ይጥፋ፣ ከዚያ ቀባ። ያንን አሁን ፍቀህ እንደገና ጀምር።

አስተባባሪ፦
ረቂቁ ተገለባብጧል። አሁን እንዲህ ይነበባል፦

«የላይኛው ወለል ዕቃዎች፣ የመስኮቶቹና የነዳጅ መሙያው ሲቀሩ፣ በቡታይል ይታሸጋሉ። ለመስኮቶቹ የመስኮት ሲሊኮን፣ ለቲኩና ለነዳጅ መሙያው ፖሊሰልፋይድ ይሁን። ከውሃ መስመር በታች መካከለኛ ጥንካሬ ያለው የባሕር ፖሊዩሪቴን ይግባ። ማንኛውም ዕቃ ከመገጠሙ በፊት ቀዳዳው በኢፖክሲ ተሞልቶ እንደገና መበሳት አለበት።»

ቋሚው ማጣበቂያ ከዕቅዱ ወጥቷል። የቀረ አለ?

አናጢው፦
የብሎኖቹ ማጥበቅ ቀርቷል። ላላ አድርገን እንተወውና በማግሥቱ እናጥብቀው እላለሁ።

የጥገና ኃላፊ፦
በፖሊዩሪቴን አልስማማም። ግማሽ ከጠና በኋላ ስታንቀሳቅሰው የያዘውን ትቀድደዋለህ። ማሸጊያው ዙሪያውን እኩል እስኪወጣ ድረስ ዳዶው በአንድ ጊዜ ይጥበቅ፤ ግን ተጨፍልቆ ሁሉም እንዳይወጣ። ለቡታይል ያልከው ትክክል ነው። ቀስ ብላ ነው የምትፈሰው፣ በብርድማ ጭራሽ ትሰንፋለች። ትንሽ አጥብቆ፣ ትቶ፣ በማግሥቱ ትንሽ መጨመር፣ መውጣት እስክታቆም ድረስ።

በሁለቱም ግን ብሎኑ አይዞርም። አንድ ሰው ከላይ ብሎኑን በካቻቪቴ ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው ከታች ዳዶውን ያዞራል። ብሎኑ ከዞረ ቀለበቱ ተቆረጠ ማለት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦
ታች ጓዳው ውስጥ አንገቱን አጥፎ ተኝቶ ዳዶ የሚያዞረው ማነው?

አዲስ አባል፦
ገባኝ። ቀጭኑ እኔ ነኝ።

አስተባባሪ፦
የማጥበቁን ነገር ጨምሬዋለሁ። በግራ በኩል ባለው ሁለተኛ ምሰሶ እንጀምር፣ ዱብ ዱብ በሚለው። እሱ ሲከፈት ባልሳው ምን ያህል እንደራሰ እናያለን፣ የኢፖክሲውንም መጠን ያኔ ረቂቁ ላይ እንሞላለን። እስከዚያ ድረስ ግዥ አይኑር።

የቀድሞ ሰብሳቢ፦
ብሎኖቹን ስታወጡ አትጣሏቸው። ወገባቸውን ማየት እፈልጋለሁ።