ከቦሌ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል? እናቴን ከደብረ ብርሃን መቼ ላስነሳት?

የጠባሴ ልጅ፦ ሰላም ቤተሰብ። እማዬ እህቴን ልትጠይቅ ዋሽንግተን ልትሄድ ነው። አውሮፕላን ተሳፍራ አታውቅም፤ የምትሄደውም ብቻዋን ነው። ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ ኤርፖርት ርቀቱ ምን ያህል ነው? ቲኬቱ ላይ መሄጃው ከመመለሻው በብዙ ይረዝማል፤ ለምን? መነሻው ማክሰኞ 22:45 ይላል። ከዚህ መቼ እንውጣ?

አየር መንገደኛው፦ በቀጥታ መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲሄዱ ከ16 እስከ 17 ሰዓት፣ ሲመለሱ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል።

ልዩነቱን ያመጣው በዋናነት የቦሌ ከፍታ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ አየሩ ስስ ነው፤ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ ለዚህ ሁሉ መንገድ የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል። ዳለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ከዚያ ሲነሳ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። በዚያ ላይ ሰማይ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ንፋስ አለ። ሲሄድ ከፊት ወደኋላ ይገፋዋል፣ ሲመለስ ከኋላ ያግዘዋል።

ለእናትህ አጥብቀህ ንገራቸው፦ መጀመሪያ ሲያርፍ አልደረሱም! አስተናጋጆቹ ውረዱ ካላሉ ከወንበራቸው እንዳይነሱ።

እመ ሰላም፦ 22:45 ማለት በእኛ ማታ 4:45 ነው። ቦሌ ከማታ 1:45 በፊት ድረሱ። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ በሚኒባስ ሦስት ሰዓት ያዙለት። ከላምበረት ቦሌ ደግሞ የማታው መንገድ ይዘጋጋል። በእኔ ምክር ቀትር ላይ ውጡ። ዘመድ ካላችሁ ዋዜማውን አዲስ አበባ እደሩ፤ በክረምት የሸኖ ጭጋግ አያስተማምንም።

በዚሁ አጋጣሚ ዓረብ አገር ለምትሄዱ እህቶቼ፦ ቲኬቱ ማክሰኞ 00:30 ካለ ቦሌ የምትገኙት ሰኞ ማታ ነው። እኛ ሌሊቱን የሰኞ ስለምንለው በዚህ በረራ ያመለጠው ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ቀኑን ለሰው አስነብቡ።

የጠባሴ ልጅ፦ እግዜር ይስጥልኝ። እህቴ መቼ ትቀበላት?

አየር መንገደኛው፦ ረቡዕ ጠዋት። ዋሽንግተን ከእኛ በበጋቸው 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደኋላ ነው።

ነርሷ፦ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት ካላቸው በእጅ ቦርሳ ይያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይግባ። ውሃ ይጠጡ፤ እየተነሱም በመተላለፊያው ይንቀሳቀሱ። ብዙ ሰዓት መቀመጥ እግር ያሳብጣል፣ ደምም ሊያረጋ ይችላል። ጋቢም አይርሱ፤ ውስጡ ይበርዳል።

የጠባሴ ልጅ፦ ጉልበቷንም ያማታል፤ ኤርፖርት ውስጥ ብዙ ያስኬዳል?

እመ ሰላም፦ ያስኬዳል። አሁኑኑ ቲኬት ቢሮ ደውለህ ዊልቸር አስመዝግብላቸው፤ በነፃ ነው። የሚገፋው ሠራተኛ ኢሚግሬሽኑንም ያሳልፋቸዋል፤ እዚያ ሲደርሱም ሌላው ይቀበላቸዋል። የእህትህን ስልክና አድራሻ በወረቀት ጽፈህ ከፓስፖርታቸው ጋር አድርግላቸው።