«ካርሚላ»ን አንብቤ የግል ምላሽ ልጽፍ ብል ታሪኩን መተረክ ሆነብኝ

ሳሮን_11ኛ

ሰላም ለሁላችሁ። ለሥነ ጽሑፍ ትምህርት የሼሪዳን ለ ፋኑን «ካርሚላ» አንብበን በ600 ቃል «የግል ምላሽ» እንድንጽፍ ታዘናል። መጽሐፉ አጭር ነው፣ ወድጄዋለሁም። ለመጻፍ ስቀመጥ ግን «ላውራ የምትባል ልጅ ኦስትሪያ ውስጥ ስቲሪያ በሚባል አገር ጫካ መሀል ካለ ግንብ ከአባቷ ጋር ትኖር ነበር፤ አንድ ማታ ሠረገላ ተገለበጠና አንዲት የማትታወቅ ልጅ እንግዳ ሆና ቀረች…» እያልኩ ቃሉ በትረካ ያልቃል።

እውነቱን ለመናገር ቫምፓየሯ (ደም መጣጭዋ፣ እንግዳ ሆና የቀረችው ካርሚላ) ብዙም አላስፈራችኝም። ያናደዱኝ ትልልቆቹ ናቸው። ሁሉም የሆነ ነገር ያውቃሉ፣ ለላውራ ግን የሚነግራት የለም። ይሄ የግል ምላሽ ይባላል ወይስ ስለ ፍርሃት መጻፍ አለብኝ? ደግሞ እያነበብኩ ቡዳ ትዝ ሲለኝ ነበር፤ ባነሳው ያስቅብኛል?

ጥራዝ_ነጠቅ

ሳሮን፣ ንዴትሽን አትልቀቂው። ስለ ቫምፓየር የሚጽፍ ተማሪ አብዛኛው «ፈራሁ» ወይም «አልፈራሁም» ብሎ ነው የሚነሳው፤ አስተማሪውም ያንኑ ከክፍሉ ልጆች ሁሉ ሲያነብ ይውላል። ግን «ተናደድኩ» ብሎ ማቆምም አያዋጣም። የትኛው ምዕራፍ ላይ፣ ማን ምን ሲል ነው የተናደድሽው? ሥራው እሱን ፈልጎ ማግኘት ነው።

ለአንቺ ሐሳብ ምዕራፍ 1 ወርቅ ነው። ላውራ ገና የስድስት ዓመት ልጅ ሳለች ሌሊት ብትነቃ አንዲት ቆንጆ ወጣት አልጋዋ አጠገብ ተንበርክካለች። ወጣቷ አጠገቧ ትተኛና አቅፋ ታስተኛታለች። ከዚያ ሁለት መርፌ ደረቷ ውስጥ የገባ ያህል ይሰማትና እየጮኸች ትነቃለች። ሴቶቹ ሮጠው ይመጣሉ፤ አልጋ ሥር፣ ጠረጴዛ ሥር፣ ቁም ሣጥን ውስጥ ይፈትሻሉ፤ ማንም የለም። ይሄኔ የቤት አስተዳዳሪዋ ሞግዚቷን በሹክሹክታ ምን እንደምትላት ልብ በይ፦ አልጋው ላይ የጎደጎደውን ቦታ ዳሰስ አድርጊው፣ ሰው ተኝቶበታል፣ ገና ትኩስ ነው ትላታለች። ልጅቷ ይህን ሰምታለች! አባትዬው መጥቶ ይስቃል፣ ትከሻዋን መታ መታ ያደርጋል፣ ይስማታል፣ ሕልም ነው አይዞሽ ይላታል። የልጆች ክፍል አገልጋይዋም «አጠገብሽ የተኛሁት እኔ ነኝ፣ በእንቅልፍ ልብ ሆነሽ ሳትለዪኝ ቀርተሽ ነው» ብላ ትዋሻታለች። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ላውራ 14 ዓመት ገደማ እስኪሞላት ድረስ አንድ አገልጋይ ሁልጊዜ ክፍሏ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያድራል። ሕልም ከሆነ ጥበቃው ለምን አስፈለገ? ንዴትሽ የተጻፈው እዚህ ነው፤ ደራሲው አንድም ጊዜ «አታለሏት» ሳይል።

ከዚህ በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 9 ዝለዪ። ላውራ አሁን 19 ዓመቷ ነው፣ በየቀኑ እየከሳች ነው። ሐኪሙ ከልብሷ አንገትጌ ትንሽ ዝቅ ብሎ የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ሰማያዊ ነጥብ ያገኝና ከአባትየው ጋር ለብቻቸው ይነጋገራሉ። እሷ ስትጠይቅ መልሱ በአንድ በሁለት ቀን ታውቂዋለሽ፣ እስከዚያ ራስሽን አታስጨንቂ ነው። በ6 ዓመቷም በ19 ዓመቷም ያው ማባበል።

ትረካው የሚያሸንፍሽ በምዕራፍ ቅደም ተከተል ስለምትሄጂ ነው። መጽሐፉ 16 ምዕራፍ አለው፤ ለእያንዳንዱ 25 ቃል ብትሰጪ 400 ቃል ሄደ፣ አንቺ ገና አልተናገርሽም። አንባቢሽ መጽሐፉን እንዳነበበ ቁጠሪና ለታሪኩ 50 ቃል ብቻ መድቢ። ለምዕራፍ 1 ትዕይንት 200፣ ለምዕራፍ 9 ደግሞ 200። የቀረው 150 ንዴትሽን የሚፈትን ነገር ይሁን፤ ማለትም አባትየው እንዲህ ያደረገበትን ምክንያት ለማየት ሞክሪ።

ወለላ

ጥራዝ ነጠቅ ባሳየሽ ትዕይንቶች እስማማለሁ። ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ አባትየው ላይ ከጫንሽው ጽሑፍሽ ክስ ይሆናል፣ መጽሐፉም ያንስብሻል። ላውራ ራሷ አባቷን አንድም ቦታ አትወቅስም። ይባስ ብሎ እሷም ዐይኗን የምትጨፍንበት ጊዜ አለ። ምዕራፍ 5ን ድገሚው፦ የታደሱ የቤተሰብ ሥዕሎች ይመጣሉ፤ ከመሀላቸው በ1698 የተሣለው የሚርካላ ካርንስታይን መልክ ቁርጥ ካርሚላ ነው፣ አንገቷ ላይ ያለችው ጥቁር ነጥብ እንኳ አልቀረችም። አባትየው ስቆ ያልፈዋል። ላውራስ ምን አደረገች? ሥዕሉን ክፍሌ ውስጥ ልስቀለው ብላ ለመነች። የ150 ቃሉ መፈተኛ ይኸው፤ «ነገሯት ወይስ ደበቋት» ከሚለው ጎን «ብትሰማስ ታምን ነበር?» የሚል ጥያቄ ይነሳል።

እዚህ ላይ ብዙ ተማሪ የሚሸሸው ነገር አለ። ካርሚላ ላውራን የምትወድበት አወዳደድ የጓደኝነት ብቻ አይደለም፤ ታቅፋታለች፣ ትስማታለች፣ የእኔ ነሽ ትላታለች። ምዕራፍ 4 ላይ ላውራ የሚሰማትን በግልጽ ጽፋዋለች፦ ወደ አምልኮ የሚጠጋ ፍቅር፣ እንዲሁም ጥላቻ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። አንዱን ብቻ ይዘው «ካርሚላ አታለለቻት» ወይም «ፍቅር ነበር» ብለው የሚጽፉ አሉ፤ ሁለቱም ግማሹን ጥለውታል። ማብራሪያ ማብዛት አያስፈልግሽም፤ ሁለቱ ስሜቶች አብረው መኖራቸውን ተናገሪና አንቺን ምን እንዳሰኘሽ ጻፊ።

ለንዴትሽ ደግሞ ከምዕራፍ 9 የሚበልጥ ማስረጃ መጨረሻው ላይ አለ። ምዕራፍ 15 ላይ የካርሚላ መቃብር ሲከፈት ሬሳው ዐይኑን እንደገለጠ ነው፤ የእርሳስ ሣጥኑ ውስጥ 7 ኢንች የሚያህል ደም አቁሯል፤ እንጨት ልቧ ላይ ይተከላል፣ አንገቷ ይቆረጣል፣ ይቃጠላል፣ አመዱ ወንዝ ውስጥ ይበተናል። ይህን ሁሉ ላውራ አላየችም። የምትተርክልን አባቷ እጅ ካለው፣ የተገኙት ሁሉ ከፈረሙበት የመንግሥት ኮሚሽን ሪፖርት ቅጂ ነው። የራሷን ታሪክ መጨረሻ ያገኘችው ሌሎች ከጻፉት ወረቀት ነው ማለት ነው! እኔ 600 ቃል ቢሰጠኝ ምዕራፍ 9ን ወደ 100 ቃል አሳንሼ ለዚህ ቦታ እሰጥ ነበር።

መቅድሙንም አትዝለዪ። ግማሽ ገጽ ብትሆን ነው፣ ግን ይህን ሁሉ የጻፈችው ሴት መጽሐፉ ሲወጣ በሕይወት እንደሌለች የሚነገረን እዚያ ነው።

ቀይ_እስክሪፕቶ

አጭር የስሕተት መከላከያ፣ ነጥብ የሚያስቆርጡ ነገሮች ስለሆኑ።

«ካርሚላ» መጀመሪያ በመጽሔት በተከታታይ ወጥቶ (1871–72 እ.ኤ.አ.) በ1872 በደራሲው የታሪኮች ስብስብ ውስጥ ታተመ። ታዋቂው የቫምፓየር ልብ ወለድ «ድራኩላ» የወጣው በ1897 ነው። ስለዚህ «ከድራኩላ የተቀዳ» የሚል ዓረፍተ ነገር ካለሽ ሰርዢው፤ 25 ዓመት የሚቀድመው ይሄኛው ነው።

ካርሚላ ቀን ትወጣለች። ከቀኑ ሰባት ሰዓት አልፎ ትነሳለች፣ አንድ ስኒ ቸኮሌት ትጠጣለች፣ ወጣ ብላ ትንሽ ስትራመድ ይደክማታል። ፀሐይ ቫምፓየርን ታጠፋለች የሚለው ነገር የተስፋፋው በ1922 ከወጣው የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም ወዲህ ነው፤ እዚህ መጽሐፍ ውስጥ አትፈልጊው።

ላውራ ነገሩ ከሆነ ወዲህ ምዕራፍ 1 ላይ ስምንት ዓመት አለፈ ትላለች፣ ምዕራፍ 4 ላይ ከአሥር ዓመት በላይ። ይህን አለመጣጣም ካነሳሽው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይብቃሽ።

ቫምፓየሯ የተጠራችባቸው ስሞች ሚርካላ፣ ሚላርካ፣ ካርሚላ የአንድ ስም ፊደላት ቦታ ሲቀያየሩ የሚወጡ ናቸው። ደስ የሚለው በእኛም ፊደል ይሠራል፤ ካ፣ ር፣ ሚ፣ ላ አራቱንም አዟዙሪያቸው።

ሳሮን_11ኛ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በጣም ነው የረዳችሁኝ። የሪፖርቱን ነገር ሳነብ ጭራሽ አላስተዋልኩትም ነበር። መግቢያዬን እንዲህ አድርጌዋለሁ፦

«ካርሚላ በጣም አስደሳችና አስፈሪ መጽሐፍ ነው። ደራሲው የቫምፓየርን ታሪክ በሚገርም ሁኔታ አቅርቦታል። እኔን ያናደደኝ ግን የላውራ አባት እውነቱን ስለደበቃት ነው።»

የቡዳውን ጥያቄ የመለሰልኝ የለም እንጂ።

ጥራዝ_ነጠቅ

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓረፍተ ነገሮች አውጪያቸው። የመጽሐፉን ስም ቀይሮ ሌላ ማንኛውም መጽሐፍ ላይ ሊለጥፋቸው የሚችል ሰው አለ፤ ያ ከሆነ የአንቺ አይደሉም። ሦስተኛው የአንቺ ነው፣ ግን ውሳኔሽን ከነገርሽን በኋላ የምናየው አላስቀረሽም። ማስረጃውን አስቀድሚው። ለምሳሌ፦ «አልጋው ገና ትኩስ ነበር፤ አባቷ ግን ሕልም ነው አላት። መጽሐፉን እስክጨርስ ድረስ ያቺን ትኩስ አልጋ መርሳት አልቻልኩም።» እንዳለ እንዳትገለብጪው፣ አካሄዱን ብቻ ውሰጂ።

ወለላ

ቡዳ አያስቅብሽም፣ ግን በደንብ ካልያዝሽው ተገልብጦ ይወድቅብሻል። በእኛ አገር የቡዳ ስም ሲለጠፍ የኖረው ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ላይ ነው፤ ተጠርጣሪው ባለ እጅ፣ የተናቀው ሰው ነበር። «ካርሚላ» ውስጥ ደም የምትመጠው ኮንቴስ (ባለ ማዕረግ እመቤት)፣ ባለ ግንብ ቤተሰብ ልጅ ናት፤ የሚሞቱት በብዛት የገበሬ ልጆች ናቸው። የጫካ ጠባቂው ልጅ የቀብር ሰልፍ ሲያልፍ ላውራ ከሟች ወገን ጋር መዝሙር ስትዘምር፣ ካርሚላ ስለ ገበሬዎች አልጨነቅም፣ ማን እንደሆነችም አላውቅም ትላለች። ስለዚህ «ቡዳን ይመስላል» ብለሽ ካለፍሽ ስሕተት ነው፤ «እዚያ ፈሪው ድሃ፣ የሚፈራው ባላባት ነው፤ በእኛ ግን ተቃራኒው ነው» ካልሽ ጥሩ ሐሳብ ነው።

ይልቅ የበለጠ የሚገጥመው ክታብ ነው። እዚያው ምዕራፍ 4 ላይ ጎባጣው ዟሪ ነጋዴ ቫምፓየር የሚከለክል እያለ የሚሸጠው ምልክትና ሥዕል የተሣለበት ቁራጭ ብራና ነው። ቀድማ የምትገዛው ደግሞ ካርሚላ ራሷ ናት! ላውራም ትገዛለች። በኋላ ካርሚላ ይሄ እኮ በመድኃኒት የታጠነ ነው፣ የሚከላከለው ከበሽታ ነው ብላ ታስረዳታለች። እሱም ሌላ ማባበል ነውና ከንዴትሽ ጋር ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ የምታባብለው ግን አባትየው ሳይሆን ገዳይዋ ናት። ከቡዳና ከክታብ አንዱን ምረጪ፤ ከ80 ቃል አይለፍ፣ አለበለዚያ ዋናውን ይበላብሻል።

ጥቅስ ስትጠቅሺ ከ15 ቃል አታስበልጪ፤ የምዕራፍ ቁጥር ጻፊ እንጂ የገጽ ቁጥር አትጻፊ፣ እትሞቹ ስለሚለያዩ አስተማሪሽ ያለበትን ያጣዋል።