የጋራ ልብ ወለዱ ዕቅድ፦ በሁለተኛው አንቀጽ ላይ የተደረገ ውይይት

የረቂቁ አዘጋጅ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ሦስት ደራስያን በጋራ ስለምንጽፈው ልብ ወለድ ለሥራ አመራር ኮሚቴው የምናቀርበው ዕቅድ ከሁለተኛው አንቀጽ በቀር ስምምነት የተደረሰበት ስለሆነ ሐሳባችሁን በዚያ ላይ ብቻ እንድትሰጡ እጠይቃለሁ። አንቀጹ «ታላቅ ወንድም ገዥውን ፓርቲ፣ እኅት ተቃዋሚውን፣ ታናሽ ወንድም ስደተኛውን ይወክላሉ» ይላል።

ከልብ ወለድ ክፍል አንድ አባል፦
ረቂቁን ለማዘጋጀት ስለ ደከሙበት አመሰግናለሁ፤ ሆኖም «ይወክላሉ» የሚለው ቃል እንዲወጣ አጥብቄ እለምናለሁ። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር ነው ስንል መለያየታቸውንም ከአንድ ሆድ መውጣታቸውንም አብረን ነው የምንናገረው፤ ረቂቁ ግን ዥንጉርጉሩን ይዞ ሆዱን ትቶታል። ግብፃዊው ደራሲ ናጊብ ማሕፉዝ እ.ኤ.አ. በ1957 በወጣው የካይሮ ባለሦስት ቅጽ ልብ ወለዱ የመጨረሻ ቅጽ ላይ አንዱን ወንድም ኮሚኒስት፣ ሌላውን «የሙስሊም ወንድማማቾች» የተባለው እስላማዊ ንቅናቄ አባል አድርጎ ሲያበቃ ፖሊስ ሁለቱንም ከአንድ ቤት ይዞ ይሄዳል። ክርክራቸውን ብረሳ እንኳ ሁለት ልጆቿን በአንድ ጊዜ ያጣችው እናት ከልቤ አልወጣችም።

የእኛም ታሪክ የሟች አባታቸውን ልብስ ሲከፋፈሉ ቢጀምር እመርጣለሁ። ታላቅየው የካፖርቱን ኪስ ሲፈትሽ እኅቱ ከእስር ቤት የላከችውን ደብዳቤ ያገኛል፤ ወረቀቱ ተደጋግሞ ከመታጠፉ የተነሣ መሐሉ ተበጥሷል። «አባባ ሊያነበው አልፈለገም» ብሎ የነገራት እሱ ነበር። እሷም ብትሆን ንጹሕ አትሁን፤ በአደባባይ የምታወግዘው የታላቅ ወንድሟ ደመወዝ ልጆቿን ያስተምር እንደ ነበር እያወቀች ዝም ብላ ኖራለች። ታናሽየው የወንድምና የእኅቱን አነጋገር እያረመ ስለ ቋንቋ መጥፋት ይቈረቈራል፤ የገዛ ልጁ ግን በስልክ ለአያቷ «ሰላም» ካለች በኋላ የምትጨምረው ቃል የላትም። ማንነት የሚባለው ነገር የሚፈተነው፣ አያቲቱ ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደ ያዘች በምትጠብቅባት በዚያች ቅጽበት ይመስለኛል።

ሌላ አባል፦
በሐሳቡ እስማማለሁ። ሥጋቴ ግን ሦስት ደራስያን ሦስቱን ሰዎች ከተከፋፈልን እያንዳንዳችን ለራሳችን ገጸ ባሕርይ ጠበቃ መቆማችን ስለማይቀር፣ የአንዱን ጥፋት የሚጽፈው የሌላው ደራሲ እንዲሆን በአንቀጹ ይካተት።

የረቂቁ አዘጋጅ፦
ሁለቱንም ተቀብያለሁ፤ እኔም በዚያ ቃል የተጠቀምኩት ለኮሚቴው በአጭሩ ለማስረዳት ስል ነበር። የተሻሻለው አንቀጽ እንዲህ ይነበባል፦ «ልብ ወለዱ የአንድ እናት ልጆች የሆኑ ሦስት ሰዎችን ይከተላል፤ ማናቸውም የፓርቲ ወይም የወገን ምሳሌ አይሆኑም። የእያንዳንዳቸው በደል በበደሉት ወንድም ወይም እኅት ምዕራፍ ውስጥ፣ በዚያ ምዕራፍ ደራሲ ይተረካል።» ተቃውሞ ያለው አባል ረቂቁ ለኮሚቴው ከመላኩ በፊት እዚሁ ያስታውቅ።