ለጁላይ 4 ልጄን እንግሊዝኛና ስፓኒሽ እንዴት ላለማምዳት?

የሰባት ዓመቷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ አንደኛ ክፍል ጨርሳለች። እዚህ አሜሪካ ነው የተወለደችው። ክፍሏ ግማሹን ቀን በእንግሊዝኛ፣ ግማሹን በስፓኒሽ ይማራል። ቤት ውስጥ የምናወራው ግን አማርኛ ብቻ ነው። እንግሊዝኛው ምንም አይልም። ስፓኒሹ ግን ትምህርት ከተዘጋ ወዲህ እየጠፋባት ነው። ባለፈው ሳምንት «ሰማያዊ በስፓኒሽ ምንድነው?» ብዬ ብጠይቃት ዝም ብላ አየችኝ። ሆዴን ባር ባር አለው።

የአሜሪካ የነፃነት በዓል፣ ጁላይ 4፣ ደርሷል። ቀኑን ፓርክ እንውላለን፣ ማታ ርችት እናያለን። በዓሉን ለሁለቱም ቋንቋዎች ልጠቀምበት አሰብኩ። አምናም ሞክሬ ነበር። አርባ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ወረቀት ላይ ጽፌ ጠዋት ቁርስ ላይ አቀረብኩላት። ስድስተኛው ላይ ስትደርስ «እማዬ፣ ዛሬ በዓል አይደል እንዴ?» ብላ አለቀሰች። እውነቷን ነው። ወረቀቱን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ዘንድሮ ምን ላድርግ? እኔ ስፓኒሽ የማውቀው ከእሷ ደብተር የለቃቀምኩትን ያህል ነው። ደግሞ ይሄ ሁሉ ቋንቋ ሲደራረብ አማርኛዋ እንዳይጎዳ እሰጋለሁ።

አስተማሪዋ፦

አይዞሽ እህቴ። የማስተምረው እንደ ልጅሽ ያለ ክፍል ነው። ወረቀቱን መክተትሽ ጥሩ ነው፣ እዚያው ይቆይ።

እስቲ አስቢው፣ በጁላይ ፀሐይ ፓርክ የዋለ ልጅ ምን ይላል? «ሞቀኝ፣ ጠማኝ፣ ራበኝ» ነው የሚለው። ከነዚህ ሦስቱ ጀምሪ። በስፓኒሽ «ቴንጎ ካሎር፣ ቴንጎ ሴድ፣ ቴንጎ አምብሬ» ይባላል። ቃል በቃል ሙቀት አለኝ፣ ጥማት አለኝ፣ ረሃብ አለኝ ማለት ነው። እንግሊዝኛው ደግሞ «አይ አም ሃንግሪ» ይላል። በአማርኛ ረሃቡ ራሱ መጥቶ ይይዝሻል፣ «ራበኝ» ትያለሽ። ክፍሌ ውስጥ ከእንግሊዝኛው ቀድተው «ኤስቶይ አምብሬ» የሚሉ ልጆች አሉ። ያንቺ ልጅ ግን አንድን ነገር ሁለት ቋንቋ በሁለት መንገድ እንደሚለው ከቤቷ ታውቃለች። ውሃ ስትጠይቅሽ ስፓኒሹን ንገሪያትና ጠርሙሱን ስጫት። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ባንዲራው ነው። በስፓኒሽ «ባንዴራ» ነው የሚባለው። እኛ ባንዲራን ከጣሊያንኛ ወስደነዋል፣ ስፓኒሹ የዚያው ዘመድ ነው። ይህን ስትነግሪያት ፊቷን እዪው! 50 ኮከብ፣ 13 መስመር፤ 7 ቀይ፣ 6 ነጭ። መስመሮቹ በ1776 ነፃነታቸውን ያወጁት 13 ቅኝ ግዛቶች ናቸው። በጣቷ እየነካች ትቁጠር፣ አንዱን ዙር በእንግሊዝኛ፣ አንዱን በስፓኒሽ። «ነጭ ኮከቦች» በእንግሊዝኛም እንደኛው ነጩ ይቀድማል። በስፓኒሽ ኮከቡ ይቀድማል፣ «ኤስትሬያስ ብላንካስ»። ቃሉን ገልብጣ ብትለው አታርሚያት። አንቺ አስተካክለሽ ድገሚውና እለፊ።

ጨዋታም አለ። አንዱ «ቬኦ፣ ቬኦ» ይላል፣ አያለሁ፣ አያለሁ እንደማለት። ሌላው «ኬ ቬስ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ምን ታያለህ ነው። ከዚያ ቀለሙን ይናገራል፣ ሌላው ዕቃውን ይገምታል። እንግሊዝኛውን «አይ ስፓይ» በደንብ ታውቀዋለች። በዚያ ቀን ደግሞ ፓርኩ ሁሉ ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። የጠፋባት «አሱል» እዚያ ይመለሳል።

ስለ አማርኛው፦ ስፓኒሽ አይጎዳውም። የሚጎዳው እናንተ በአማርኛ ማውራት ስታቆሙ ነው። እንዲያውም አማርኛው ለስፓኒሹ ይረዳታል። አሜሪካኖቹ በስፓኒሽ የሚቸገሩበት «ኝ» ለእሷ ምንም አይደለም። የሀገሪቱ ልደት ነው ብለሽ «ፌሊስ ኩምፕሌአኞስ»፣ ማለትም መልካም ልደት፣ አስብያት፣ ሳትደናቀፍ ትለዋለች።

የሦስት ልጆች አባት፦

አስተማሪዋ ያሉት ሁሉ ልክ ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ማታው ነው። በጁላይ ቶሎ አይጨልምም። ርችቱ እስኪጀምር ልጆች ይሰለቻሉ፣ ይነጫነጫሉ። እኛ ያኔ ወደ ኋላ እንቆጥራለን፣ ከ13 ጀምሮ። እንግሊዝኛው «ተርቲን» እና «ተርቲ» ያደናግራቸዋል፣ ስፓኒሹ ግን «ትሬሴ» እና «ትሬይንታ» ብሎ ለይቶታል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ትንሹ ልጄ ሦስት ዓመት ሲሆነው በርችቱ ድምፅ ክፉኛ ደንግጦ ነበር። ያኔ ቋንቋ ማስተማሩን ትቼ አቅፌው ወደ መኪና ሄድኩ። «ቴንጎ ሚዬዶ»ን፣ ማለትም «ፈራሁ»ን፣ የተማረው ከወር በኋላ ቤት ውስጥ ነው። ልጅ ሲደነግጥ በእናቱ ቋንቋ ነው መጽናናት ያለበት።

ደግሞ ስፓኒሽ የሚናገር ጎረቤት ካላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ። ለአዋቂ «ኡስቴድ» እንደሚባል ንገሪያት። «እርስዎ» ማለትን የለመደች ልጅ ወዲያው ይገባታል።

የሰባት ዓመቷ እናት፦

ዛሬ ጁላይ 5 ነው፣ ሳልነግራችሁ አላድርም። ፓርክ ስንደርስ አጠገባችን አንዲት ትልቅ ሴትዮ ከልጅ ልጆቻቸው ጋር ምንጣፍ አንጥፈው በስፓኒሽ ያወራሉ። ልጄ መጀመሪያ ከኋላዬ ተሸሸገች። ቀትር ላይ ውሃችን አለቀ። እኔ ወደ ቧንቧው ልሄድ ስነሳ ልጄ ሴትዮዋ ጋ ቀረብ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ «ቴንጎ ሴድ» አለች። ሴትዮዋ ሳቁና ከበረዶው ውስጥ ጠርሙስ አውጥተው ሰጧት። ከዚያ እስኪጨልም ከልጅ ልጆቻቸው ጋር «ቬኦ፣ ቬኦ» ሲጫወቱ ዋሉ። አንዴ እኔንም አስገቡኝ። የኔን ሰማያዊ ቀሚስ ነበር የመረጡት። «አሱል!» ብላ የጮኸችው የኔዋ ናት።

ማታ መኪና ውስጥ እንቅልፍ እየጣላት «እማዬ፣ ርችት በስፓኒሽ ምንድነው?» አለችኝ። «ፉዌጎስ አርቲፊሲያሌስ» አልኳት፣ ከሴትዮዋ ጠይቄ ነበር። «ረጅም ነው» አለችና ተኛች።