ላፕቶፔ ቀርፋፋ ሆነብኝ፣ የሚቀየረው ራም ነው ሃርድ ዲስክ?

የፒያሳዋ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ደሴ ፒያሳ ጽሕፈት ስራ ጀምሬ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛሁ፣ ኮር አይ 5፣ 4 ጊጋ ራም፣ 500 ጊጋ ሃርድ ዲስክ ነው። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀ ወርድ አልከፍት ይለኛል። አንዱ ጋ ስወስደው ሚሞሪው ሞልቷል ራም ቀይሪ አለኝ፣ ሌላው ፕሮሰሰሩ ደክሟል ሌላ ግዢ አለኝ። ሚሞሪ የሚሉት የትኛውን ነው? ብሬን ሳላወጣ አስረዱኝ በአላህ

የጦሳ ልጅ፦
አብሽሪ እህቴ። መብራት እልም ሲልና ባትሪ ከሌለ ሴቭ ያላረግሽው ጽሑፍ ይጠፋ የለ? እሱ ራም ላይ የነበረው ነው፣ ራም ኤሌክትሪክ ከተቋረጠበት ምንም አይዝም። ሴቭ ያረግሽው ግን ሃርድ ዲስክ ላይ ስለሆነ ስትከፍቺው ታገኚዋለሽ። ፎቶና ፊልም የሚሞላውም ሃርድ ዲስኩን ነው፣ ሰዉ ሁለቱንም ሚሞሪ ስለሚል ነው የሚያምታታው። ፕሮሰሰር ስሌቱን የሚሰራው ነው፣ ለወርድ አይ 5 ይበቃል፣ ሌላ ግዢ ያለሽን አትስሚው። አሁን ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕ አንድ ላይ ተጫኚ፣ ታስክ ማናጀር ሲመጣ ሚሞሪና ዲስክ ስንት ፐርሰንት እንደሚሉ ንገሪን (እዛ ላይ ሚሞሪ የሚለው ራሙን ነው)

የፒያሳዋ፦
ሚሞሪ 68 ይላል፣ ዲስክ ግን 100 ላይ ቆሞ አልወርድ አለ

ቦርከና፦
ኮምቦልቻ ጥገና ላይ ነው የምሰራው፣ እንዲህ አይነት ብዙ ይመጣልኛል። ዲስኩ 100 ላይ ከቆመ የሚያዘገይሽ እሱ ነው፣ በቃ ሃርድ ዲስኩን አውጥተሽ ኤስኤስዲ አስገቢ (እሱም እንደ ሃርድ ዲስክ ፋይል የሚያስቀምጥ ነው፣ ግን ፈጣን)። ሃርድ ዲስክ ውስጡ የሚሽከረከር ሳህን አለው፣ የላፕቶፑ አብዛኛው በደቂቃ 5400 ጊዜ ነው የሚዞረው፣ ፋይል ለማንበብ ቀጭን ክንዷ ሳህኑ ላይ መመላለስ አለባት፣ ለዛ ነው የሚዘገየው፣ እየሰራ ከወደቀም ቶሎ ይበላሻል። ኤስኤስዲ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። ለጽሕፈት 240 ጊጋው ይበቃሻል።
ራም በኋላ መጨመር ከፈለግሽ የድሮውን አስወጥተሽ ይዘሽ ሂጂ፣ ላዩ ላይ ፒሲ3 ካለ ዲዲአር 3 የሚባለው የራም አይነት ነው፣ ፒሲ4 ካለ ዲዲአር 4፣ የታችኛዋ ክፍተት ቦታዋ ስለሚለያይ አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም፣ በጉልበት ልግፋው የሚል ካለ አስቁሚው ማዘርቦርዱን ይሰብርብሻል።
ደግሞ አሮጌውን ሃርድ ዲስክ እነሱ ጋ ጥለሽ እንዳትወጪ፣ የደንበኞችሽ ውልና መታወቂያ ያለው እሱ ላይ ነው። ኬዝ ግዢለትና በዩኤስቢ እንደ ፍላሽ ትጠቀሚበታለሽ

የፒያሳዋ፦
አላህ ይስጣችሁ፣ ነገ ይዤው እወጣለሁ